አጥር እግር የለውም

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት አንድ ማለዳ እናቴ ስልክ ደወለችልኝ። እናቴ በማለዳ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ገና «ሃሎ» ሳልል ልቤ ወረደ።

«አጥሩ ተኛ» አለችኝ።

«ማን ተኛ?»

«አጥሩ! ያንተ አጥር!»

ልብ በሉልኝ፤ «አጥራችን» አላለችም። ቤቱ የእሷ፣ ግቢው የእሷ፣ ጎመኑና ዶሮዎቹ የእሷ ሆነው ሳለ አጥሩ ግን ያን ዕለት የእኔ ሆነ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባል የለ? አጣሪው እኔ ነበርኩና እሾሁን ልቀበል ወደ አቃቂ ወረድኩ።

ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ከጎረቤታችን ጋር በሚያዋስነን በኩል ያለው ሃያ ሜትር የሚሆን አጥር ቆርቆሮውን እንደ ለበሰ ወደ ማዶ ግቢ ተዘርሯል። ሰክሮ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ከነካፖርቱ ተኝቶ ያያችሁ እንደሆነ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ዘጠኙም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ገሚሶቹ ከአንገታቸው ተሰብረው፣ ገሚሶቹ ከነሲሚንቷቸው እንደ ጥርስ ተነቅለው ነበር። በሁለቱ ጫፍ የቆሙት ሁለት የጽድ ግንዶች ግን ንቅንቅ አላሉም። ቆርቆሮው ከላያቸው ተገንጥሎ ሲሄድ ጥለውት የሄዱት ሚስማሮች ብቻ ቀርተውባቸዋል።

ዘጠኙን ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ አጥሩ ከመውደቁ ከስድስት ዓመት በፊት። ሁለቱን ጽዶች የተከላቸው አባቴ ነው፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ጭቃው ውስጥ ቆሜ አንድ ጊዜ የእኔን ሥራ፣ አንድ ጊዜ የእሱን ሥራ ሳይ የተሰማኝን ስሜት እዚህ ባልገልጸው ይሻላል።

አባቴ ያን አጥር ሲያጥር ትዝ ይለኛል። ሁለቱን ጽዶች ያገኛቸው ከፈረሰ አሮጌ ቤት ነው። በመሃል ለሚቆሙት ባሕር ዛፍ ገዛ፤ ልጣቸውን ልጦ ከበጋ እስከ በጋ ጥላ ሥር አቆያቸው። ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። የእኔ ሥራ መጠቅጠቅ ነበር። እሱ አንድ አካፋ ያህል አፈር ይጨምራል፤ እኔ በድጅኖው ደንዳና ጫፍ ግንዱን እየዞርኩ እጠቀጥቃለሁ። ደግሞ ይጨምራል፤ ደግሞ እጠቀጥቃለሁ። ጓደኞቼ ውጭ ኳስ ሲጫወቱ ጩኸታቸው ይሰማኛል። በአንድ ቀን ከአራት ቋሚ በላይ አልተከልንም። «አባዬ፣ አይበቃም?» ስለው «ሲበቃው አፈሩ ራሱ ይነግርሃል» አለኝ። ያኔ የሰማሁት ነገር ቢኖር የኳሷን ድምፅ ብቻ ነው።

የእኔ አጥር እንዴት እንደ ቆመ ደግሞ ልንገራችሁ። የአባቴ ባሕር ዛፎች ወደ ሃያ ዓመት ገደማ አገልግለው ሲበሰብሱ፣ አዲስ አጠና ገዝቼ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጠርኩ። በጠዋት መጥተው በዘጠኝ ሰዓት ጨረሱ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቆፈሩ፣ ቋሚውን አቆሙ፣ ሲሚንቶ አፈሰሱ፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። የአባቴ አሮጌ ጉቶዎች መሬት ውስጥ ቀርተው ስለነበር ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ «ምን እናድርጋቸው?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ለአንድ መጽሔት የምልከውን ጽሑፍ እጨርስ ነበር። «እንደሚመቻችሁ አድርጉ» አልኩት። ይህችን «እንደሚመቻችሁ» የምትል ቃል እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አጥሩ በቆመ በሁለት ዓመቱ ጎረቤታችን ማድ ቤት ልትሠራ አስባ ግቢዋን አስለካች። ሜትሩ ከይዞታ ካርታዋ ጋር አልገጥም አለ፤ በመሃል ላይ አንድ ስንዝር ጎደለ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለችም። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከእናቴ ጎን ሳትነሳ የተቀመጠች ሴት ናት። በር አንኳኩታ «ልጄ፣ አጥራችሁ ወደኔ ገብቷል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ወጥቼ አየሁ። ቆርቆሮው በመሃሉ ላይ ትንሽ ሆዱን ወደ እሷ ግቢ ገፋ አድርጓል። እኔ እንኳን «ዘሞ ነው» ብዬ ነበር በልቤ። ግን የዲፕሎማ ኩራት የሚባል ነገር አለ፤ ቃል አማረልኝና «እትዬ፣ አጥር እኮ እግር የለውም፤ ተነስቶ አይሄድም» አልኳት።

ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት ዓመት እናቴ ቡና ስታፈላ አልመጣችም፤ እናቴም እሷ ዘንድ አልሄደችም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉት ሁለት ሴቶች በአንድ ቆርቆሮ ግራና ቀኝ ሆነው የየራሳቸውን ቡና ለብቻቸው ጠጡ። እናቴ በእኔ ላይ አልፈረደችም። «ልጄ የሰው መሬት አይነካም» ብላ ቆረጠች።

እንግዲህ አጥሩ ሲወድቅ የወደቀው በእሷ ግቢ ነው። ጎመኗን ደፍጥጦታል።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን በአጥር ሥራ የጨረሱ፣ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚውሉ ናቸው። ሄጄ ለመንኳቸው። መጡ። ከወደቁት ቋሚዎች አንዱን አንስተው ስብራቱን በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ። ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ሲነኩት ደረቅና ጠንካራ ነው። ከሲሚንቶው ሥር የወጣውን ግርጌውንም አገላብጠው አዩት፤ እሱም ብዙ አልተጎዳም።

«እንጨት የሚሞተው በአንገቱ ነው» አሉኝ።

እኚህ ሰው በአራት ቃል የተናገሩትን በኋላ ከመጻሕፍት ሳገላብጥ የተረዳሁት እንዲህ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለመኖር ውኃም አየርም ይፈልጋል። ከመሬት በላይ ያለው የቋሚው ክፍል አየር ቢያገኝም ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ወደ ጥልቅ የገባው ክፍል እርጥብ ቢሆንም አየር ያጥረዋል። ሁለቱም የሚገናኙት መሬቱ ፊት ላይ፣ ከአፈሩ አፍ ጥቂት ዝቅና ከፍ ብሎ ባለው ሥፍራ ነው። አንገቱ ማለት ያ ነው። ቋሚ የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያው የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ሲሚንቶው?» አልኳቸው፤ ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት እሱ ላይ ነበርና።

«ሲሚንቶ ለድንጋይ ነው። ለእንጨት ስታደርገው ውኃ መያዣ ጣሳ ትሆንለታለህ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ አጠና በሲሚንቶ ሲከበብ ኋላ ይደርቅና ይኮማተራል። በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች። ዝናብ በእሷ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። የእኛው ደግሞ የባሰ ነበር፤ ከማድ ቤታችን ጣሪያ የሚወርደው ጠፈጠፍ በቀጥታ አጥሩ ሥር ያርፍ ነበርና።

መሬቱም ራሱ ገር አይደለም። የአቃቂን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ተነፋፍቶ ይሰበሰባል ማለት ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ የገባ የሲሚንቶ ድቡልቡል በዚህ አፈር ውስጥ ምን ያህል ይቆያል? በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ወጥቶ አንድ ሌሊት ነፋስ ቆርቆሮውን ሲደገፈው ያበቃለታል። ቆርቆሮ የለበሰ አጥር ሸራውን እንደ ዘረጋ ጀልባ ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም፤ ግፊቱን ሁሉ ለቋሚው አንገት ያስረክባል።

«ነገ እንጀምር?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ጭቃ ይጠቀጠቃል እንዴ? መስቀል ይውጣ።»

ስለዚህ ስድስት ሳምንት ያህል ያለ አጥር ሰነበትን። ቆርቆሮውን አንስተን ከግድግዳ ጋር አስደገፍን፤ በክፍተቱ ላይ ጥቂት የእሾህ ቅርንጫፍ ጣል አደረግን። የእሾህ ቅርንጫፍ ለውሻ እንጂ ለዶሮ አይደለም። የእናቴ ዶሮዎች በማግስቱ ማዶ ተሻግረው የተረፈውን ጎመን ለቃቀሙ። ጎረቤታችን ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲቱ ዶሮ እዚያው ጥላ ያደረችውን እንቁላል በልጅ እጅ ላከችልን። እናቴ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ ስታገላብጠው አየኋት።

እስከዚያው እንጨት ልገዛ ወጣሁ። ጽድ አሰብኩ፤ ነገር ግን ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዘይቱ ምስጥም ብስባሴም የሚጠየፈው በመሆኑ አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ምሶሶና ለደጃፍ መቃን ያዋሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ጽድ አስቆርጦ አጥር ማጠር ግን ከተረፈችው ጥቂት ደናችን ላይ መቀነስ ነው። ወይራም እንዲሁ። የቀረው የሁላችንም ባለውለታ ባሕር ዛፍ ነው።

ባለውለታ ስል እያሾፍኩ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ አለቀ። አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው እያቆጠቆጠ ከተማዋን ባለችበት እንድትረጋ አገዛት። ስሙም መምጫውን ይናገራል፤ ባሕር ዛፍ። አዲስ አበባን ራሷን በአንድ ቦታ ያቆመው ቋሚ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባሕር ዛፍም ሁሉም አንድ አይደለም። ቀዩ ከነጩ ይልቅ መሬት ውስጥ ይቆያል። ወጣት አጠና አብዛኛው ነጭ ሥጋ ነው፤ ፈንገስም ምስጥም የሚወዱት ያንን ነው። ዕድሜ ያለው ግንድ መሃሉ ጠቆር፣ ጠንከር ይላል። ሽማግሌው ከኔ ጋር ተራው ድረስ መጥተው ዘጠኝ ግንድ አስመረጡኝ፤ ተቆርጠው የከረሙ፣ ሲመቷቸው ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጡ። ሁለት ሜትር ተኩል እንዲሆኑ አስቆረጥናቸው። «ሲሶው ለመሬት ነው» አሉኝ። ከሁለት ሜትር ተኩሉ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ይቀበራል ማለት ነው። የእኔ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ትዝ ብሎኝ መሬት መሬት አየሁ።

በዘይት ነገር ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ልማዳቸው ነው። እኔ ዘይቱ አፈሩንና ውኃውን እንደሚበክል አንብቤያለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ደግሞ የሁለት ቤት ጎመን አለ። በመጨረሻ የእኔ ሐሳብ አሸነፈ፤ በሕይወቴ በአጥር ጉዳይ ያሸነፍኩት እሷን ብቻ ነው። በዘይቱ ፈንታ የሚቀበረውን ክፍል በእሳት ላይ እያገላበጥን ጥቁር እስኪሆን ለበለብነው፤ ሲበርድ በአንገቱ ዙሪያ ሬንጅ ቀባነው፤ ግርጌውን ግን እርጥበት እንዲተነፍስበት ተውነው። መለብለብ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ብስባሴው በስንጥቁ ይገባል። ከሰሉ ራሱ ግን አይበሰብስም። የጥንት ሥፍራ ቆፍረው የሚያጠኑ ምሁራን ከሺህ ዓመታት በፊት የፈረሰ ቤት ቅርጽ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ቋሚዎቹ ቆመውበት የነበረው ጉድጓድ አፈሩ ውስጥ በተወው ጥቁር ጥላ ነው። ይህንን ያነበብኩት ዱሮ ነው፤ በገዛ ግቢያችን ይገጥመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

የመስቀል ማግስት ጀመርን። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ እኔ እቆፍራለሁ። ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ቋሚ ሲያቆም ማየት ለእናቴ ሳትከፍል የምታየው ቲያትር ሆነላት። በመጀመሪያ ከአንደኛው ጽድ እስከ ሌላኛው ሲባጎ ወጠርን። ሲባጎው እንደ ተወጠረ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። እኔም አየሁት። የእኔ ሲሚንቶዎች የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች ሲባጎው ሥር አልነበሩም። ከሲባጎው ወዲያ፣ በጎረቤታችን በኩል፣ አንድ ስንዝር ያህል ወጥተው ይታያሉ።

«መሬቱ ገፍቷቸው ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አሉ። «ሲባጎው ሥር ቆፍር።»

ቆፈርኩ። ግማሽ ክንድ ሳልሄድ ድጅኖው የሚለሰልስ ነገር ነካ። አፈሩን በእጄ ስጠርግ ክብ የከሰል ቀለበት ታየ፤ በመካከሉ የበሰበሰ እንጨት፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ገና ጠንካራ የሆነ ግርጌ። የአባቴ ጉቶ ነው። እሱ የለበለበው፣ እኔ የጠቀጠቅኩት። ልክ ሲባጎው ሥር፣ ጣት እንኳን ሳያዛንፍ። ሁለተኛውንም ቆፈርኩ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ። የቀን ሠራተኞቹ ጥልቅ ጉቶ ከመንቀል ከጎኑ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ቀለላቸው። በእኛ በኩል የማድ ቤቱ ጠፈጠፍ ያወረደው ጭቃ ስላለ ደረቁን የማዶውን ወገን መረጡ። «እንደሚመቻችሁ አድርጉ» ብያቸው የለ? እንደሚመቻቸው አደረጉ። አጥር በርግጥ እግር የለውም። እኔ እግር ሆኜለት ነው የሄደው።

እናቴ በዚያ ሰዓት ምሳ ልታቀርብ ገብታ ነበር። ጎረቤታችን ማዶ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታሰጣለች። ጉድጓዱን የምናውቀው ሽማግሌውና እኔ ብቻ ነን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለመሸፈን አንድ አካፋ አፈር ይበቃ ነበር። ሲባጎውን አንድ ስንዝር ወደ ማዶ ሳብ ማድረግም ሁለት ሚስማር የማንቀል ሥራ ነው። አራት ዓመት ሙሉ «ልጄ የሰው መሬት አይነካም» ያለች እናት አለችኝ። እሷን ምን ብዬ ነው የማያት? ሽማግሌው አፋቸውን አልከፈቱም። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ ረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሥሩ እንዲህ በዓይኔ የሚታይ፣ ክብና ጥቁር ነገር ይሆናል ብዬ ግን አላውቅም።

«እትዬ!» ብዬ ጠራኋት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «እባክዎ አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉ።»

እሾሁን ተሻግራ መጣች። ጉድጓዱን አሳየኋት፤ ሲባጎውን አሳየኋት፤ የእኔንም ጉድጓዶች አሳየኋት። «ያኔ እርስዎ ልክ ነበሩ። ወደ ግቢዎ የገባሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። እናቴ የምሳውን ሰሐን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ሁሉንም ሰምታለች።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ የከሰሉን ቀለበት በጣቷ ነካችው። ጣቷ ጠቆረ።

«አባትህ ይህን ሲተክል» አለች፣ «ያን ጫፍ ሲባጎ የያዝኩለት እኮ እኔ ነኝ። አንተ ኳስ ኳስ እያልክ ታለቅስ ነበር።»

ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ ሰሐኑን መሬት አስቀመጠች። የተባባሉትን አልጽፍም፤ ብዙም አልተባባሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከእኛ በረንዳ የቡና ጭስ ሸተተኝ፤ ሲኒውም ሁለት ነበር።

የአባቴን ዘጠኝ ጉቶዎች ለመንቀል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቀን ሠራተኞቹ ለምን እንደሸሿቸው ገባኝ፤ አልፈረድኩባቸውም። በሦስተኛው ቀን ተከላው ተጀመረ። ጉድጓዱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ገባ፤ ወርዱ ድጅኖ ለማዞር ያህል ብቻ ነው፤ ታቹም እንደ አፉ ሰፊ። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርን። ቋሚውን አቁመን ሽማግሌው በቱምቢ ከሁለት ወገን አዩት፤ በአንድ ወገን ብቻ የታየ ቋሚ በሌላው በኩል ዘሞ ይገኛልና። ከዚያ የወጣውን መረሬ ትተን ገረጋንቲ ሞላን፤ ገረጋንቲ እንደ መረሬ አያብጥም፤ አይሰነጠቅም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ብቻ ይጨመራል፤ ይጠቀጠቃል፤ ደግሞ ይጨመራል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ላይኛውን ብቻ ማጥበቅ ነው፤ ታቹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። አፉ ላይ ሲደርስ ውኃ ወደ ውጭ እንዲሸሽ እንደ ጉብታ አድርገን ጨረስነው። የቋሚዎቹን አናትም ዝናብ እንዳይቋጥሩ ሰያፍ ቆረጥናቸው። ለማድ ቤቱ ጠፈጠፍ ደግሞ ከአጥሩ የሚያርቅ ቦይ ቆፈርን።

ሁለተኛው ቋሚ ላይ ይመስለኛል፣ ድጅኖው የሚሰጠው ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ «ዱብ፣ ዱብ» የሚል የታፈነ ድምፅ ነበር። ከዚያ እየጠነከረ፣ እየጠራ ሄዶ ድንጋይ እንደ መምታት ሆነ፤ ንዝረቱም እስከ ትከሻዬ ደረሰ። ቆም አልኩ።

«ነገረህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

አባቴ ያለው ይህንን ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቼ ሰማሁት።

ሥራው አራት ቀን ወሰደ። ሲባጎውን በእኛ በኩል እናቴ፣ በማዶ በኩል ጎረቤታችን ያዙልን። ሁለት ሚስማር ሊይዘው የሚችለውን ሲባጎ ሁለት አሮጊቶች ይዘው እየተጨዋወቱ ዋሉ፤ ሽማግሌውም «ልቀቁት» አላሏቸውም። ቆርቆሮውን ስንመታ ጎረቤታችን አንድ ነገር ጠየቀች፤ በመሃል ላይ አንድ ቆርቆሮ እንዳይመታ፣ ትንሽ በር እንዲሆን። እናቴ «ለዶሮዎቹ» አለች። ሁለቱም ለዶሮዎቹ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ ደህና አድርጎ የዘነበበት ሌሊት በነጋ ጊዜ ማንም ሳይደውልልኝ ሄድኩ። ጃንጥላዬን ይዤ ዘጠኙንም ቋሚዎች አንድ በአንድ ነቀነቅኳቸው። ስምንቱ እንደ አባቴ ጽዶች ቆመዋል። ሰባተኛው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይነቃነቃል። እጄ ዝሎ የነበረ ጊዜ የጠቀጠቅኩት እሱን ሳይሆን አይቀርም።

እሱን መስከረም ላይ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል እመለስበታለሁ።